ከግንቡ ሥር የተቀመጠው የገለባ ሰው

እናቴና አያቴ አባቴን በእሳት ሊያቃጥሉት ነው ብዬ ያመንኩት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በሃሎዊን ዕለት፣ ስካርደን ግንብ ውስጥ ነው። ዛሬ ሲወራ ሊያስቅ ይችላል። ያን ቀን ግን ከፍርሃቴ ብዛት ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነበር።

ደግሞ ከሜዳ ተነስቼ አይደለም ያመንኩት። ከድሮው ቤታችን የወጣን ቀን፣ በማለዳ፣ እናቴ ግሌኒስ የአባቴን ሸሚዞች ከቁም ሳጥን እያወጣች ጓሯችን ያለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ስትከት በመስኮት አይቻለሁ። ክብሪቱን የጫረችው የእናቴ እናት፣ አያቴ ኤልሲ ናት። እሳቱ ሲይዛቸው እጅጌዎቹ ከበርሜሉ አፍ ላይ ብድግ እያሉ ይወድቁ ነበር፤ ሰው እጁን አንስቶ የሚጣራ ይመስል ነበር።

"አባዬስ?" አልኩ ወደ ጓሮ ወጥቼ።

"አባትሽ ሩቅ አገር ሥራ አግኝቶ ሄዷል" አለች እናቴ ሳትዞር።

"ያለ ሸሚዝ?"

"አንቺ ልጅ" አለች አያቴ፣ "ሂጂ ጥርስሽን ፋቂና ኮትሽን ልበሺ። ጥያቄሽን በኋላ ትጨርሺዋለሽ።"

በኋላም አልጨረስኩትም። ባሕር ዳርቻ ያለች አንዲት ከተማ ገባን፤ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራየን። መጋረጃው ቀንም አይከፈትም። "የት ነው የምትኖሪው ቢልሽ ሰው፣ አላውቅም በይ" ትለኛለች እናቴ። "ማንም ቢሆን?" እላታለሁ። "ማንም ቢሆን።" ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሁለቱም ያነሱትን ማንኪያ አየር ላይ ያቆሙታል። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ማንኪያዬን አብሬ አቆም ነበር።

ጥቅምት ሲያልቅ ግን ጨዋታው ሰለቸኝ። ሃሎዊን ደረሰ። በየዓመቱ ሃሎዊንን ስካርደን ግንብ ነው የምንውለው፤ እናቴ፣ አባቴና እኔ፣ ማንም ሳይቀር። ዓመት በዓል እንደማይቀር ሁሉ እሱም አይቀርም።

"ዘንድሮ አንሄድም" አለች እናቴ።

"ለምን?"

"አንሄድም አልኩ እኮ!"

በሩን በእርግጫ መታሁት። ወለሉ ላይ ተንከባለልኩ። ግትርነቴ ያኔም አብሮኝ ነበር። አያቴ መርፌዋንና ክሯን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ፣

"ግሌኒስ፣ ልጅቷን እንደ ዶሮ ቆልፈን ልናሳድጋት ነው እንዴ?" አለቻት።

"እማዬ፣ ዛሬ እኮ ሁሉም ፊቱን የሚሸፍንበት ቀን ነው።"

"እና? ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት ማን ደፍሮ ይነካሻል? ሰው ፊት ምንም አይደረግም።"

አያቴ ሞኝ አልነበረችም። በእኛ ሰፈር ክፉ ነገር የሚደረገው በር ተዘግቶ ነው። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ሰው የበዛበት ቦታ ሁሉ ደህና ነው ብሎ ያስባል። እናቴም በመጨረሻ ኮቷን አነሳች።

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ግንቡ ውስጥ ራስ የሌላት እመቤት ትዞራለች ይባላል። አይጥ በአካፋ ደፍጥጣ የምትጥል እናቴ ግንቡን ከፈራች፣ እመቤቲቱ የእውነት አለች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ገና የእናቴን ኮት ይዤ አልለቅም አልኩ።

የግንቡ በር ላይ ጥቁር ከረጢት ራሱ ላይ ያጠለቀ፣ ደረቱ እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ ሰውዬ መጥረቢያ ይዞ ቆሟል።

"ትኬት ወይስ አንገት?" ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ የአያቴን እግር ረገጠቻት።

"እግሬን! አንቺ ሴትዮ፣ መጥረቢያው እንጨት እኮ ነው!"

"አውቃለሁ እማዬ።"

"ታዲያ ምን ያርበደብድሻል?"

እናቴ መጥረቢያውን አላየችውም። የምታየው በከረጢቱ ቀዳዳ የሚታዩትን ዓይኖቹን ነበር። ሰማያዊ መሆናቸውን ስታይ ተነፈሰች። የአባቴ ዓይን ቡናማ ነበር። ይህን ያገጣጠምኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ግቢው ጢስ ጢስ ይላል፣ የተቃጠለ ስኳርና የረጠበ ቅጠል ይሸታል። አጽም የለበሱ ልጆች ይሯሯጣሉ። ፊቷን አረንጓዴ ቀብታ የሊጥ አፍንጫ የለጠፈች ወፍራም ሴትዮ ከምድጃዋ ኋላ ሆና ትጮኻለች።

"ፖም! በስኳር የተነከረ ፖም! የበላ ያገባል! ያልበላም ያገባል፣ እሱ ግን ይጸጸታል!"

"እኔ በልቼም ተጸጽቻለሁ" አለቻት እናቴ። ሴትዮዋ ከት ብላ ስቃ ለእኔ ትልቁን መርጣ ሰጠችኝ።

ፖሜን እየላስኩ ወደ ፈረስ ጋጣው ግድግዳ ሄድን፤ ጋዮቹ የሚደረደሩት እዚያ ነው። እኛ ልጆች በዚያ ሰሞን አሮጌ ኮትና ሱሪ እንለምንና ገለባና ጋዜጣ ጠቅጥቀን፣ የወረቀት ፊት አድርገንለት፣ ሰው እናስመስለዋለን። ጋይ ማለት እሱ ነው። ስካርደን ላይ ከየመንደሩ ይዘውት መጥተው ግድግዳ ሥር ያስቀምጡታል፤ ለቆንጆው ሽልማት አለ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን ቆንጆውም አስቀያሚውም በእጅ ጋሪ ተጭኖ እሳት ውስጥ ይጣላል።

መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ትልቅ ነበር። ረጅም የወታደር ካፖርት፣ ጓንት፣ ባርኔጣ። ከአንገቱና ከእጅጌው ገለባ ወጥቷል። ጉንጩ የቀላ፣ የሚስቅ የወረቀት ጭምብል አድርጓል። እግሮቹን ፊት ለፊት ዘርግቷል። የግራው ቦት ጫማ አፍንጫ ላይ አንዲት የአረንጓዴ ቀለም ጠብታ አለች።

ያቺን ጠብታ አውቃታለሁ። አባቴ ቀለም ቀቢ ነው። የመታጠቢያ ቤታችንን በር አብረን ስንቀባ ብሩሹን ጫማው ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ።

ካፖርቱን አየሁ። ደረቱ ላይ ያለው ቁልፍ ከፍ አለ። ዝቅ አለ።

"አያቴ፣ ያኛው ይተነፍሳል።"

"ነፋስ ነው የኔ እናት። ፖምሽን ብዪ።"

ጫማው የአባዬ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ክብሪቱን የጫረችው እሷ መሆኗ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት። ሁሉም ነገር ገባኝ። አባቴ ሩቅ አገር አልሄደም። ሸሚዙን አቃጠሉ፤ አሁን ደግሞ ራሱን አስረው፣ ገለባ ጠቅጥቀውበት፣ እዚህ አምጥተው አስቀምጠውታል። ማታ እሱም ይቃጠላል።

እናቴ ጋዮቹን አላየቻቸውም። እሷ የምታየው የሚንቀሳቀሰውን ሰው ነበር፤ በጎኗ የሚያልፈውን ጭምብል ሁሉ። የተቀመጠ ነገር ማን ልብ ይላል?

ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ እስር ቤት ወረድን። ጨለማ ነው፤ ግድግዳው ያልበዋል። መብራት የያዘው አስጎብኚ "እዚህ የገባ ፀሐይን ዳግመኛ አላያትም" ሲል ሴቶቹ እየሳቁ ይጮኻሉ። እኔ አልሳቅሁም። የእናቴን እጅ ለቅቄ በሰው እግር መሃል ሾልኬ ደረጃውን ወጣሁ።

ጋጣው ጋ ማንም አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ከበሮ መቺዎቹን ሊያይ ሄዷል። ከወረቀቱ ፊት ፊት ለፊት ቆምኩ።

"አባዬ?"

የወረቀቱ ፊት እንደሳቀ ነው።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ። ዴኒዝ።"

ጓንቱ ከጭኑ ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። አንድ ጣት የወረቀቱ ፈገግታ ላይ ቆመ።

"ማን አሰረህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ማንም አላሰረኝም የኔ ማር።" ድምፁ ታፍኖ ነው የሚወጣው። "እናትሽ የት አለች?"

"እስር ቤቱ ውስጥ።"

"ሂጂ ጥሪያት። አንድ ቆንጆ ነገር ላሳይሽ በያት። አያትሽን እንዳታመጪ። ብቻዋን።"

"አይሆንም አባዬ!" እንባዬ መጣ። "ታቃጥልሃለች። ሸሚዞችህን አቃጥላቸዋለች፣ እኔ አይቻለሁ።"

ገለባው ኮሽ አለ።

"ሸሚዞቼን?" አለ። ከዚያ እጄን ያዘኝ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነው፤ ከዚያ ጠበቅ፣ ጠበቅ አደረገው። "ጥሪያት አልኩሽ።"

"አልጠራትም።"

"ዴኒዝ።"

"አልጠራትም!"

የእጄ አጥንት እርስ በርሱ ሲፋተግ ተሰማኝ። ፈርቶ ነው እንዲህ የሚጨመድደኝ ብዬ አዘንኩለት። ያ አያያዝ ለእናቴ አዲስ እንዳልነበር፣ በጋ ላይ እንኳ ረጅም እጅጌ የምትለብሰው ለምን እንደነበር የነገረችኝ አያቴ ናት፤ ያኔ እኔም ባል አግብቼ ነበር።

"ዴኒዝ! ዴኒዝ!"

እናቴ ናት፤ ከምድር ቤቱ በር እየተጣራች። ጓንቱ ተከፈተና ጭኑ ላይ ወደቀ። እንደገና የገለባ ሰው ሆነ።

ወደዚህ እንዳትመጣ ብዬ እኔው ሮጬ ደረስኩባት። ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አቀፈችኝ።

"የት ነበርሽ? ማን አነጋገረሽ?"

"ማንም።"

"እውነቱን ንገሪኝ!"

"ማንም አልኩሽ።" የቀላውን እጄን እጅጌዬ ውስጥ ሰበሰብኩት።

"ልጅ አይደለች እንዴ፣ ሽንቷን ልትሸና ወጥታ ይሆናል" አለች አያቴ፣ ግን እሷም ከንፈሯ ነጥቶ ነበር።

እናቴ ወዲያው እንሂድ አለች። ብንሄድ ማን ያድነዋል? መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሳቱን ሳላይ አልሄድም አልኩ። ጎተተችኝ፣ የሣር ሥር ያዝኩ። ሰው ዞሮ አየን። እናቴ ደግሞ ያን ቀን ከምንም በላይ የምትጠላው ሰው ዞሮ እንዲያያት ነው።

"እሳቱን ትይና እንሄዳለን" አለች አያቴ። "ግሌኒስ፣ ተያት። ጭቅጭቅሽ ነው ሰው የሚሰበስብብን።"

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሰዓት እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። እናቴ ወደ ጋጣው ፊቷን ባዞረች ቁጥር ቀሚሷን ይዤ ወደ ሌላ ቦታ እስባታለሁ፤ ወደ ጉድጓዱ፣ ወደ መድፉ፣ ወደ ራስ የሌላት እመቤት መስኮት ሳይቀር። እመቤቲቱን መፍራት ትቼ ነበር። ከምትቃጠል ነፍስ የሚበልጥ ምን ያስፈራል?

ጀንበር ግንቡ ኋላ ገባች። ከበሮው መጣ። ሁለት ጎረምሶች የእጅ ጋሪ እየገፉ ወደ ግድግዳው ሄዱ፤ ሕዝቡም ተከተለ፣ እኛንም ይዞን ሄደ። የመጀመሪያውን ጋይ ከአንገቱ አንጠልጥለው ጋሪው ላይ ወረወሩት። ሕዝቡ "ሆ!" አለ። ሁለተኛውን። "ሆ!" ወደ መጨረሻው እየቀረቡ ነው። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"አታቃጥሉት!" ጮኽኩ። "እሱን አታቃጥሉት! አባቴ ነው!"

ሳቁ ከየአቅጣጫው ፈነዳ። "የእኔም አባት ጭንቅላቱ ገለባ ነው፣ አታልቅሺ!" አለ አንዱ።

እናቴ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ዞራ የምጠቁመውን አየች። ከጭምብሉ አልጀመረችም፤ ከእግር ጀመረች። ጫማው ላይ ስትደርስ ፊቷ ላይ ያለው ደም ሁሉ ወረደ። ተነቃባት፣ ለዚህ ነው የደነገጠችው ብዬ አሰብኩ። ገፍታ አያቴ ቀሚስ ውስጥ ከተተችኝ።

ጎረምሳው በብብቱ ሥር ሊያነሳው ሞከረ። "ኧረ ይሄ ከባድ ነው! ድንጋይ ነው እንዴ የሞሉት?"

የገለባው ሰው ተነስቶ ቆመ።

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ከዚያ ሳቀ። ከዚያ አጨበጨበ። የበዓሉ ትርኢት መስሏቸዋል። አንድ ሰው ልጁ እንዲያይለት ትከሻው ላይ አወጣው። እኔም አጨበጨብኩ፤ አባዬ ተነሳ፣ አባዬ ዳነ!

ገለባ እያንጠባጠበ በቀጥታ ወደ እናቴ ሄደ። እጇን ያዘ። ወደ መኪና ማቆሚያው ይጎትታት ጀመር።

"እርዱኝ!" አለች እናቴ። "የእውነት ነው! እርዱኝ!"

"ጎበዝ!" አሏት ሰዎቹ። "እንዴት ታስመስላለች!" ይበልጥ በጮኸች ቁጥር ይበልጥ ያጨበጭባሉ። መሬቱን በተረከዟ እያረሰች ትጎተታለች፤ ሰዎቹ መንገድ ይለቃሉ። አያቴ የምትለው ነገር አይሰማም። ያ ሁሉ ሕዝብ ነበረ፤ ግን ማንም አልነበረም።

እናቴ በነፃ እጇ የወረቀቱን ፊት ያዘችና ገነጠለችው። ላስቲኩ ጠሽ ብሎ ተበጠሰ።

ጭብጨባው ከፊት ጀምሮ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ከሚስቀው ወረቀት ሥር የወጣው ፊት አይስቅም ነበር። የማውቀው የአባቴ ፊት ነው፣ ግን እንደዚያ አድርጎት አይቼው አላውቅም። እናቴ አይታዋለች።

"ሚስቴ ናት" አለ ዙሪያውን እያየ። "የቤታችን ጉዳይ ነው። እናንተ ተዝናኑ።"

ሰዎቹ ጫማቸውን አዩ። ልጁን ትከሻው ላይ ያወጣው ሰውዬ አውርዶት ፊቱን አዞረ። ባልና ሚስት መሃል ማን ይገባል? ዛሬ ያንን ዝምታ ሳስታውስ ነው የሚበርደኝ። ጭብጨባው ከአለማወቅ ነበር፤ ዝምታው ግን እያወቁ ነው።

"ሚስትህ ከሆነች" አለ አንድ ድምፅ፣ "ፊትህን ምን ሸፈነህ?"

አረንጓዴዋ ሴትዮ ናት። በሁለት እጇ የስኳር ድስቷን ይዛለች።

"አንቺ ጠንቋይ፣ አያገባሽም!" አላት አባቴ።

"ጠንቋይነቱንስ ልክ ነህ። ይሄ ደግሞ የፈላ ስኳር ነው። ልቀቃት።"

አጠገቧ ጋሪ ገፊው ጎረምሳ መጥቶ ቆመ። ከረጢቱን ከራሱ ያወለቀው ባለ መጥረቢያም መጣ፤ ለካ ራሰ በራ ሽማግሌ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው። አባቴ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ እኔን አየኝ፣ እናቴን ለቀቃትና እጁን ዘረጋ።

"ዴኒዝ፣ ነይ።"

ልሄድ ነበር። አያቴ የኮቴን ቆብ ጨምድዳ ይዛኛለች። ስወራጭ ቁልፌ ተበጥሶ ወደቀ። እሱ ሰዎቹ ሲጠጉት ዞሮ ሮጠ፤ ከኋላው መሬቱ ላይ የገለባ መስመር ቀረ።

"አንቺ ነሽ ያባረርሽው!" አልኳት እናቴን። ነከስኳት መሰለኝ።

"አዎ" አለች እናቴ። ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። "እኔ ነኝ ያባረርኩት።"

አባቴን ፖሊስ በዚያው ሳምንት መንገድ ላይ ያዘው። መኪናው ውስጥ ሻንጣ አገኙ። አዲስ የልጅ ፒጃማ፣ በእኔ ልክ። አዲስ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽዬ። ሹራብ፣ ካልሲ፣ የምወደው ብስኩት። የእሱም ልብስ ነበረበት። ለእናቴ የተዘጋጀ ነገር ግን አንድም አልነበረም፤ ካልሲ እንኳ። ይህንንም የነገረችኝ አያቴ ናት። እናቴ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን አላነሳችውም። እኔ አባቴን ከእሳት እንዳዳንኩት ለጓደኞቼ ስተርክ እየሰማች ዝም ብላ ሳህን ታጥብ ነበር።

ያን ምሽት አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስቀመጠችኝና እሷ በመተላለፊያው በኩል ተቀመጠች። እንዳልወጣ ያገደችኝ መስሎኝ ጀርባዬን ሰጠኋት። ከኮረብታው ላይ እሳቱ ይታይ ነበር፤ ጋዮቹ እላዩ ላይ ተራ በተራ እየተያያዙ ራሳቸውን ይደፋሉ። ሁሉንም ልቅም አድርጌ አየኋቸው። አባቴ እዚያ ውስጥ የለም። ጭንቅላቴን መስተዋቱ ላይ ጣል አድርጌ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ብቻ ትንሽ እነቃለሁ። በሩ ይከፈታል፣ ብርድ ይገባል። የእናቴ ክንድ ደረቴ ላይ ይጠብቃል። በሩ ይዘጋል። ክንዷ ይላላል። እንደገና እንቅልፍ ይወስደኛል።